ለነፍሰ ገዳይ አንቱታ

ሃይሌ ጋርመንት አደባባዩ አጠገብ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ አንዲት የመጋረጃ ሱቅ አለች። እዚያች ሱቅ ውስጥ እኔና ባለ መጋረጃው አሥራ ዘጠኝ ሰው ገድለናል። አራቱን በመርዝ፣ ሁለቱን ከፎቅ ወርውረን፣ አንዱን በገዛ ክራቫቱ፣ የቀሩትን እንደ አመጣጣቸው። የምንገድለው እሑድ እሑድ ጠዋት ነበር። ያን ጊዜ ሱቁ ዝግ ነው፤ ከላይ ያለው ጂም ደግሞ ብረት መወርወር አልጀመረም።

እኔ ድርሰቱን እጽፋለሁ፣ እሱ ይተርካል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ የምትሆን የወንጀል ታሪክ ቀርፀን ለስልክ አድማጭ እንለቃለን። ስቱዲዮ የለንም። የመጋረጃ ሱቅ ግን ከስቱዲዮ አያንስም፤ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠለው ጨርቅ ሁሉ ድምፅ ውጦ ያስቀራል። በጥቅል ጨርቆቹ መካከል ሁለት በርጩማ እናስገባለን፣ ማይኩን እናቆማለን፣ ከዚያ ሰው ይሞታል። ጨርቁ ሊውጠው ያልቻለው አንድ ድምፅ ቢኖር የታክሲ ረዳቱ ነው። አንድ ጊዜ ሟቹ በመጨረሻዋ ትንፋሹ የገዳዩን ስም ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ከውጭ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ተባለ። ሳናስተውል ለቀቅነው። አድማጭ «ሜክሲኮ የማን ስም ነው? ሁለተኛው ሰውስ ማነው?» እያለ ሲመራመር ከረመ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ብልህ የተባለልኝ ያ ነው።

ባለ መጋረጃውን ያገኘሁት መጋረጃ ልገዛ ሄጄ ነው። ይሄኛው ጨርቅ ፀሐይ እንደማያስገባ፣ ያኛው ሲታጠብ እንደሚያጥር ሲያስረዳኝ የሞት ፍርድ የሚያነብ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ በመጋረጃ ላይ ሲባክን አንጀቴ አልቻለም። በድምፁ ላይ ክፉ አልናገርም። በራሱ ላይ ግን እናገራለሁ፤ ይቻላል፣ እሱም በእኔ ላይ ይናገራል። ልብ ማንጠልጠል ማለት ቀስ ማለት ይመስለዋል። «በሩ... ተከፈተ» የምትለዋን ሁለት ቃል እስኪጨርስ በሩን አውልቆ መልሶ መግጠም ይቻላል። ታሪኩን ሲጀምርም «መብራታችሁን አጥፉ፣ በራችሁን ዝጉ፣ ከቻላችሁ ብቻችሁን ሁኑ» ይላል። መብራቱን የሚያጠፋልን ሌላ አለ፣ አድማጫችንም ብቻውን የሚሆንበት ቦታ የለውም። ሚኒባስ ውስጥ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሌላው ጆሮው ስለ መልስ ከረዳት ጋር እየተጨቃጨቀ ነው የሚሰማን።

ድምፅ ማጀቢያውም የእኛው ሥራ ነው። ዝናብ ስንፈልግ ቤቴ ሄደን ሽንኩርት ዘይት ውስጥ እንጨምራለን። ዶፍ ከተፈለገ ዘይቱ ይጨመራል። አንዲት አድማጭ «መቃብር ሥፍራው ላይ ሲዘንብ ለምን እንደሆነ አላውቅም ራበኝ» ብላ ጽፋልናለች። ሴትዮዋ ጆሮ አላት።

ጆሮ ካነሳሁ ግን ከእማማ ጆሮ የሚበልጥ አልገጠመኝም። የምኖረው ሀና ማርያም አካባቢ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ እማማ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ሦስተኛው ላይ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርሰው በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው የማይነጥፍ ሴት ናቸው። «እኔ'ኮ በሦስት መቶ የስፌት መኪና ጩኸት መሐል የጓደኛዬን ሐሜት እየሰማሁ ያረጀሁ ነኝ» ይላሉ። ምስር እየለቀሙ ስልካቸውን ሳህኑ አጠገብ አስደግፈው ሁሉንም ታሪካችንን ያዳምጣሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ይጠብቁኛል።

«አንቺ ነፍሰ ገዳይ፣ ነይ እስቲ። ምራትየዋ ናት፣ አይደል?»

«እማማ፣ ገና እኮ ሁለተኛው ክፍል አልወጣም! እንዴት አወቁ?»

«ያ ልጅ አፉ መች ያርፋል። ‹ጥላዋ ግድግዳው ላይ አለፈ› አለ። ጥላዋ ካለ ሴት ናት። ሴቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ እግሯን ታማለች፣ በየት በኩል ትለፍ?»

እንዲህ እያሉ በተከታታይ አምስት ገዳይ ያዙብኝ። እኔ በቀን ሥራዬ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ የሰው ግስ ሳቃና የምውል ሴት በግስ መያዜ አንገበገበኝ። እውነታቸውን ነው ግን። አማርኛ ምስጢር የማይቋጥር ቋንቋ ነው። ሌላ አገር አንድ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ገብቶ፣ ገድሎ፣ እጁን ታጥቦ ይወጣል። እኛ ጋ ገና በሩን ሲነካ «ከፈተ» ወይ «ከፈተች» ነው። ገዳዩ እግሩን ሳያስገባ ግሱ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን ሰጥቷል።

ዘዴ ያልሞከርኩ አይምሰላችሁ። አንድ ጊዜ ገዳይዋ ሴት ሆና ሳለ ዝም ብዬ በወንድ ጻፍኳት፤ «አንድ ሰው ገባ» ብዬ። መጨረሻው ሲገለጥ አድማጩ ሊበላን ደረሰ። እማማም ደረጃው ላይ ይዘውኝ «ውሸትና ተረት ለየቅል ናቸው። ‹ገባ› ካላችሁ ገባ ነው፤ ኋላ ‹ገባች› ማለት ነውር ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም በተደራጊ ግስ አደረግሁት፤ «በሩ ተከፈተ። ወደ ውስጥ ተገባ። ቢላዋው ተነሳ።» ባለ መጋረጃው ሁለት ገጽ አንብቦ ወረቀቱን አስቀመጠና «ይሄ ግድያ ነው ወይስ የወረዳ የስድስት ወር ሪፖርት?» አለኝ። «ግድያው በተያዘለት መርሐ ግብር ተከናወነ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በስልክ ታወራለች፦ «አዎ፣ መጥተዋል... አይ፣ ተቆጥተዋል... ምሳ አልበሉም... ወደ ክፍላቸው ገብተዋል።» ከሳሪስ እስከ ላፍቶ ሙሉ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋት። የምታወራው ስለ አማቷ ነው፤ አማቷ ግን ወንድ ይሁኑ ሴት እስክወርድ አላወቅሁም። ገባኝ። አንቱታ ውስጥ ሰው ይደበቃል። ያን ቀን በደስታ ብዛት አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ባለ መጋረጃው ግን አፉ እምቢ አለው።

«ስሚ፣ ለነፍሰ ገዳይ አንቱ?»

«አዎ። ‹እኚህ ሰው› እያልክ ትሄዳለህ።»

«‹እኚህ ሰው ጫማቸውን አውልቀው በቀስታ ገቡ። መርዙን ከኪሳቸው አወጡ።›» አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። «መርዙን ሲያወጡ ከመቀመጫዬ ልነሳላቸው?»

«አንብብ!»

«ብዙ ናቸው ብለው ቢያስቡስ? ገቡ፣ አወጡ... ግሪሳ አስመሰልሽው እኮ።»

«‹እኚህ› አልኩህ። እኚህ አንድ ናቸው።»

እየሳቀ አነበበው። አራት ጊዜ ደጋገምነው፤ ያ ሁሉ መሳቁ ድምፁን አፍታትቶለት ኖሮ ከሠራናቸው ሁሉ አሪፉ ሆነ። እኔም ጥቅል ጨርቅ ተደግፌ በራሴ ተደነቅሁ። ይሄኔ እማማ ሲያዳምጡ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ታሪክ የጻፍኩት ለአድማጩ ሕዝብ አይደለም፣ እማማን ለማሸነፍ ነው።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልጻፍ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ አልጋ ይዟል። ቤተሰቡ አምስት ነው፤ አሮጊት አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ወጣት አለ። አንድ ጠዋት «እኚህ ሰው» አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ወደ ክፍሉ ይገባሉ። ፔርሙሱ በአረንጓዴ ፎጣ ተጠቅልሏል። በሽተኛው ሁለት ፉት ይላል፣ ከአብሹ ምሬት ሌላ አንድ ምሬት ይቀምሳል፣ ይሞታል። የመጀመሪያው ክፍል እዚያ ላይ ያልቃል።

አጥሚቱን ከየት አመጣሁት? ከጭንቅላቴ አላመጣሁትም። የእኔ በር ፊት ለፊት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ኩላሊታቸው ደክሞ ወራት ተኝተው ሞቱ። ዘመድ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በእነዚያ ወራት ሁሉ፣ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እማማ ከሦስተኛ ፎቅ ፔርሙሳቸውን በአረንጓዴ ፎጣ ጠቅልለው፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ሲወጡ እገናኛቸው ነበር። አጥሚት ያደረሱት ለሹፌሩ ብቻ አይደለም። በሕንፃው አራስ ካለች፣ ወባ የያዘው ካለ፣ ጥርሱን የተነቀለ ካለ፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ የእማማ ፔርሙስ ይመጣል። በፍስክ በቅቤ፣ በጾም በኑግ። የሹፌሩ የመጨረሻ ጠዋትም ይዘው ገብተው ነበር፤ ሰውየው ሁለት ፉት ብለው «ይበቃኛል» አሏቸው፣ ከቀትር በፊት ዐረፉ። ይህን ያወሩልን ራሳቸው እማማ ናቸው፤ የልቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ እያለቀሱ።

እኔ ያን ፎጣ፣ ያን ፔርሙስ፣ ያችን ሁለት ፉት አንስቼ ታሪኬ ውስጥ መርዝ ጨመርኩባት። ሳደርገው ምንም አልመሰለኝም። «እንዴት ያለች ቆንጆ ዝርዝር ናት» ነው ያልኩት። ድርሰት የሚጽፍ ሰው እንዲህ ነው፤ ልቅሶ ተቀምጦ እንባውን በአንድ ዓይኑ እየጠረገ በሌላው የጎረቤቱን ፔርሙስ ይሰርቃል።

ዓርብ ለቀቅነው። አድማጩ አበደ። «ገዳዩን አንቱ የምትሉት ባለሥልጣን ስለሆነ ነው?» ያለ ነበር። «መሣሪያ ስለያዙ ነው» ብሎ የመለሰለት ነበር። አንዱ «እንዲህ በአክብሮት የሚገድለኝ ባገኝ አልጠላም» አለ። አብዛኛው ግን ቀጥ ብሎ አንድ ቦታ ደረሰ፦ አንቱ የሚባል ሽማግሌ ወይ አሮጊት ነው፤ ስለዚህ ገዳይዋ አሮጊቷ ናት። ይህን ሳነብ እጆቼን አሻሸሁ፤ ገዳዩ የሃያ አራት ዓመቱ የእህት ልጅ ነበራ!

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እማማ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ምስር አልያዙም፣ ስልክ አልያዙም።

«እሺ እማማ፣ ዛሬስ? ያዙኝ?» አልኩ፣ ጥርሴን እያሳየሁ።

«አወቅኋቸው» አሉ።

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«አወቅኋቸው አልኩሽ፤ ይበቃል» ብለው ቤታቸው ገቡ።

እኔ እኮ ሳቅሁ! እማማ ተሸነፉ፣ ሽንፈታቸውን ላለማመን ኮሩብኝ ብዬ እየሳቅሁ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ሰኞ ለባለ መጋረጃው ስነግረው ሁለታችንም ሳቅን።

ነገሩን ያስረዳችኝ ከሕንፃችን ሥር ጸጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ይህች ሴት ፀጉር ከምትሠራው ይልቅ ነገር የምትሠራው ይበልጣል፤ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታሽ የምታወራው ለአንቺ ሳይሆን ከአንቺ ቀጥሎ ለተቀመጠችው ነው። ማክሰኞ ጠጉሬን ልታጠብ ስገባ ሁሉም ዝም አለ። ጭንቅላቴን ገንዳው ላይ አስተኝታ በጆሮዬ «አንቺ፣ እንዴት አወቅሽ ግን?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የሹፌሩን ነዋ። እኛማ ጠርጥረን ነበር። ያ ሁሉ ወር ተመላልሰው... ሰው እንዲያው ለነፍስ ብሎ ይደክማል? አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ስማቸውን ሳትጠሪ። ‹እኚህ ሰው› ብለሽ በአንቱታ።»

ሻምፖው ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ተረት ነው! እማማን አይደለም! አንቱ ያልኩት ወንድ ይሁን ሴት እንዳይታወቅ ነው! ስለ ሰዋስው ነው!» አልኩ።

«እህ፣ ገባኝ፣ ገባኝ» አለች፣ የምስጢር ተካፋይ እንደሆነች ሁሉ ጭንቅላቴን በፍቅር እያሸች። «ስለ ሰዋስው ነው።»

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በቅርቡ ከወለደችው ጎረቤታችን በር ውጪ፣ በአረንጓዴ ፎጣ የተጠቀለለ ፔርሙስ መሬት ላይ ተቀምጦ አየሁ። ጠዋት ስወጣም እዚያው ነበር። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ እንደሞላ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ? ባንኳኳ ምን እላለሁ? «ጠጪ፣ መርዙ ልብ ወለድ ነው»?

እዚህ ላይ ልባም ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ፎቅ ወርዶ የእማማን በር ያንኳኳል። ሦስት ቃል ይላል። ከዚያ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ቆሞ በሰው ሁሉ ፊት ይጮኻል። እኔ ምን አደረግሁ? ወደ መጋረጃ ሱቅ ሮጥኩ። ሁለተኛውን ክፍል ቶሎ እናውጣ፣ ገዳዩ የሃያ አራት ዓመቱ ልጅ መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ ራሱ ይጠራል ብዬ። ዐሥራ ስድስት ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ለማላውቀው ሕዝብ ሁሉ ማስረዳት ቀለለኝ። ለባለ መጋረጃው ፔርሙሱን ስነግረው ሳቁን ትቶ «ሂጂና ንገሪያቸዋ» አለኝ። «ታሪኩ ይናገራል» አልኩት። የተሻለው ሐሳብ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሁልጊዜ እንደማደርገው ተቆጣሁም።

በሥራ ቀን፣ ሱቁ ክፍት ሆኖ፣ ደንበኛ እየገባ እየወጣ ቀረፅነው። የሚያምር አልነበረም፤ መርማሪው «ገዳዩ አንተ ነህ!» ሲል ከበስተጀርባ አንዲት ሴት «ይሄኛው በግራጫ የለም?» ስትል ይሰማል። አልጠበቅሁም፣ ለቀቅሁት። መጨረሻው ላይ ባለ መጋረጃው እንዲህ ብሎ እንዲጨምር አደረግሁ፦ ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ገዳዩ ወጣት ነው፤ «አንቱ» ያልነው ማንነቱን ለመሸሸግ ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አድማጩ «አታላዮች! ለጎረምሳ አንቱ?» ብሎ ሰደበን፤ እሱስ ይሁን፣ ስድብ ለምደናል። ሕንፃችን ግን ሌላ ፍርድ ነበር የሰጠው። የጸጉር ቤቷ ሴት ደረጃ ሥር ይዛኝ እጄን ጨበጥ አደረገች።

«ፈርተሽ ቀየርሽው አይደል? አይፈረድብሽም፣ አብራችሁ ነው የምትኖሩት።»

«አልቀየርኩም! ከመጀመሪያው ልጁ ነበር!»

«እስቲ ሙች በይ። ለሃያ አራት ዓመት ልጅ ማን አንቱ ይላል? መጀመሪያ አንቱ ያልሽው አፍሽ አምልጦሽ ነው፤ እውነቱ እሱ ነው። የአብዬን እከክ ለእምዬ ልክክ አደረግሽና ልጁን አስበላሽው።»

ሰው እንዳይያዝ ብዬ ያበጀሁት ግስ ማስረጃ ሆኖ ተያዘ። ስንት ዓመት የሰው ግስ ሳርም ኖሬ የራሴን ማረም አቃተኝ። ከዚያ በኋላ እማማን ደረጃው ላይ አላገኘኋቸውም። አንድ ሁለቴ በራቸው ላይ ቆሜ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ፤ ሬዲዮ ይሰማል፣ እቃ ይሰማል፣ የእኛ ታሪክ ግን አይሰማም። ላንኳኳ እጄን አንስቼ፣ ነገ ይሻላል እያልኩ ወጣሁ። ነገ ብዙ ሆነ።

ከወር በኋላ ታመምኩ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ እዚህ ከተማ ከታመምሽ ታይፎይድ ነው። ባለፈው ዓመት ስታመም እማማ ከሰው ሁሉ በፊት ነበር የደረሱት። በሩን ሳያንኳኩ ገብተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ፔርሙሱን ከፎጣው አውጥተው «ጠጪ! አፍንጫሽን ይዘሽ ጠጪ! ሰው ስትገድዪ የምትበረቺ፣ አብሽ ትፈሪያለሽ እንዴ?» እያሉ ትልቁን ስኒ አስጨርሰውኛል። አብሹ ይመራል፣ ጉሮሮ ላይ ይንጠለጠላል፤ እየረገምኩ ነበር የጠጣሁት።

አሁን አንድ ቀን ተኛሁ፣ ሁለት ቀን ተኛሁ፣ አልመጡም። ባለ መጋረጃው ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ተቀምጦ ስለሚቀጥለው ታሪክ አወራ፤ እንዲሄድልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ፣ በስሱ፣ የእንግዳ አንኳኳት። ግድግዳውን ይዤ ሄጄ ከፈትኩ።

እማማ ናቸው። ነጠላቸውን በደንብ አጣፍተዋል። ደጁ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

«ማታ ነው መታመምዎን የሰማሁት» አሉና ከፌስታል ውስጥ የማንጎ ጭማቂ አወጡ፤ የካርቶን፣ ከሱቅ። በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ፤ ከዚያ መለስ አድርገው ክዳኑን በእኔ በኩል አዞሩልኝ። «ያልተከፈተ ነው። ይዩት።»

አየሁት። ምን ላድርግ፣ ይዩት ሲሉኝ አየሁት። እንደታሸገ ነው።

«እማማ» አልኩ፣ «አጥሚት ነበር'ኮ ያማረኝ።»

«እሱን እንኳ ትቻለሁ። እኔ ሠርቼ፣ ቢብስብዎት፣ ሰው ምን ይላል?» በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። በወሩ፣ በሩን ይዤ አልኩት።

«ምን አጠፉና?» አሉ፣ ፌስታሉን እያጠፉ። «እግዜር ይማርዎት» ብለውኝ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።